ዩኒቨርሲቲ ለምትገባ ጀማሪ ካሜራ እንዴት ይገዛል?

ምደባው ከወጣ ጀምሮ ዘመድ ሁሉ "ምን ልግዛላት?" ማለት ይጀምራል። አቅም ያለው ላፕቶፕ ይገዛል። ብርድ ልብስና ሻንጣ የቤተሰብ ድርሻ ነው። መሀል ላይ ግን ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ያለች አንዲት አክስት "ፎቶ ትወድ የለ እንዴ? ካሜራ ልላክላት" ትላለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ካሜራ ለተማሪ ከሚሰጡ ስጦታዎች መካከል ገንዘብ መልሶ ሊያመጣ የሚችል ነገር ነው። የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ፎቶ እያነሳ የኪስ ገንዘቡን የሚሸፍን ልጅ በየግቢው አይጠፋም።

ችግሩ አገዛዙ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ገንዘቡን በሙሉ ቦዲው (ሌንስ የሌለው የካሜራው ገላ) ላይ ይጨርሳል። ደህና ሌንስ፣ ትርፍ ባትሪ፣ እውነተኛ ሜሞሪ "ቀስ ብላ ትገዛለች" ይባላል። ተማሪ ደግሞ ቀስ ብላ የምትገዛበት ብር የላትም። ካሜራው ሎከር ውስጥ ይከርማል።

ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይቆማል። ስጦታው ከተሰጠ በኋላ ልጅቷን ሌላ ወጪ የማይጠይቅ፣ ሲበላሽም ባለችበት አካባቢ የሚጠገን ይሁን። የሞዴል ክርክር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። "ልጅቷ" እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ወንድም ቢሆን ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ሰርፕራይዙን ተዉትና ጠይቋት

ካሜራ በድብቅ ሲገዛ አልወድም። ሽቶ ካልተወደደ ለሌላ ይሰጣል። ካሜራ ግን ከገባ በኋላ ሌንሱም፣ ባትሪውም፣ መለዋወጫውም እሱን ተከትሎ ነው የሚገዛው። ይልቅ ቁጭ ብላችሁ ስልኳን አሳይኝ በሏት። ጋለሪው ሁሉን ይናገራል። የሰው ፊት ይበዛል? መንገድና ሕንፃ ነው? ወይስ ፎቶ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም የቲክቶክ ቪዲዮ ነው?

የመጨረሻው ከሆነ ምናልባት ካሜራ አያስፈልጋትም። የተሻለ ስልክ፣ ደረት ላይ የሚሰካ ማይክና አንድ ስታንድ ይበቃታል። ይህን ስል ካሜራ ሻጮች አይወዱኝም፤ ግን እውነት ነው። ካሜራ ዋጋ የሚኖረው ስልክ የማይሰጠውን ሲሰጥ ነው። ሌንስ መቀየር፣ ከሩቅ ያለን ሰው ሳያደበዝዙ ማቅረብ፣ በደካማ መብራት ንጹሕ ፎቶ ማግኘት፣ ፍላሽ መጠቀም።

"የምን ተማሪ ነሽ?" የሚለው ጥያቄ ላይ ብዙ አትመኩ። የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ኮርስ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጋዜጠኝነት እገባለሁ ያለች ልጅ ኢኮኖሚክስ ልትገኝ ትችላለች። አርክቴክቸር ካሰበች ሕንፃ ማንሳቷ፣ ጋዜጠኝነት ካሰበች ቪዲዮና ድምፅ መሥራቷ ስለማይቀር እሱን በልባችሁ ያዙ። ለአንድ ዲፓርትመንት ብላችሁ ግን ልዩ ካሜራ አትግዙ።

አንድ የማይዘለል ጥያቄ አለ። ላፕቶፕ አላት? ከሌላት ካሜራው ዋይፋይ ያለው መሆን አለበት። ፎቶው ከካሜራ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ቴሌግራም ካልሄደ ለእሷ ፎቶ አይባልም።

ደረጃ 2፦ ብሩን ከፋፍሉት

ያላችሁን ገንዘብ ሦስት ቦታ ክፈሉት። ሁለቱ እጅ ለቦዲውና አብሮት ለሚመጣው ሌንስ ይሁን። ቀሪው አንድ እጅ ለሁለተኛ ሌንስ፣ ለባትሪ፣ ለሜሞሪና ለቦርሳ ይቀመጥ። በዚህ ስሌት የተመኛችሁት ካሜራ ካልደረሰላችሁ ከካሜራው አንድ ደረጃ ውረዱ፤ ከቀሪው ላይ አትንኩ። ርካሽ ቦዲ ከጥሩ ሌንስ ጋር ሁልጊዜ ይሻላል።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በብር ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስቃል። ለመነሻ እንዲሆናችሁ ግን ካኖን አር100 ከነሌንሱ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ገበያ ሲወጣ 600 ዶላር አካባቢ፣ አር50 ደግሞ 800 ዶላር አካባቢ ነበር። ያገለገለ የተማሪ ዲኤስኤልአር (በመስታወት የሚሠራው የቆየው ዓይነት ካሜራ) ከዚህ በብዙ ይወርዳል።

ደረጃ 3፦ ከካሜራው በፊት ጎረቤቱን እዩ

በይነመረብ ላይ ያሉ የካሜራ ምክሮች በሙሉ የሚጽፉት ሌንስ በማግስቱ በር ላይ ለሚደርስለት ሰው ነው። ልጅቷ ባሕር ዳር፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ ነው የምትማረው። እዚያ ቻርጀሯ ቢጠፋ ማን ያውሳታል? ሌንሷ ቢጣበቅ ማን ይፈታላታል?

በአገራችን ፎቶ ቤቶችና የሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች እጅ በብዛት የምናየው ካኖን ነው። ካኖን ከሌላው ይበልጣል እያልኩ አይደለም። ኒኮንም ሶኒም ግሩም ካሜራ ይሠራሉ። ግን ካኖን ያለው ሰው በየከተማው አለ። ያገለገለ ሌንስ በቴሌግራም ቻናል ስትፈልጉም አብዛኛው የካኖን ነው። ቤተሰብ ውስጥ ወይም ሰፈር ውስጥ ኒኮን የያዘ ባለሙያ ካለና ሊያስተምራት ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ያለማመንታት ኒኮን ግዙ። ሌንስ የሚያውስ ሰው ከማንኛውም ብራንድ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ ሞዴል መምረጥ

ሁለት ዓይነት ካሜራ አለ። ዲኤስኤልአር የሚባለው ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሲነሳ "ቻክ" የሚለው ነው። ሚረርለስ መስታወት የለውም፤ ቀለል ይላል፣ ፊትና ዓይን ተከትሎ ፎከስ ያደርጋል። ካኖንም ኒኮንም ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ አዲስ የዲኤስኤልአር ሞዴል አላወጡም። መጪው ጊዜ የሚረርለስ ነው። ለእኛ ተማሪ ግን ይህ ጥሩ ዜና ሆነ፤ ባለሙያው ወደ ሚረርለስ ሲዞር የድሮው ሌንስና ቦዲ ለገበያ ወጣ።

ከአገር ውስጥ፣ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የእኔ ምርጫ ካኖን 200ዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 24 ሜጋፒክስል፣ ከባትሪው ጋር ግማሽ ኪሎ የማይሞላ። ስክሪኑ ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፣ በጣት ይነካል። ዋይፋይ አለው፣ የማይክ መሰኪያ አለው። ቪዲዮ ሲቀረጽ ፎከሱ ሳይንቀጠቀጥ ሰውን ይከተላል። በአንድ ባትሪ 650 ያህል ፎቶ ያነሳል። ተተኪው 250ዲ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፤ 4ኬ ቪዲዮ ጨመረ፤ ግን በ4ኬ ሲቀረጽ ምስሉን ከዳር ይቆርጣል፣ ፎከሱም ይዳከማል። ለ4ኬው ብላችሁ ተጨማሪ አትክፈሉ። 800ዲ ካገኛችሁ እሱም የ200ዲ ወንድም ነው፤ ትንሽ ይገዝፋል።

በጀቱ ጠበብ ካለ 700ዲ አለ። እ.ኤ.አ. የ2013 ካሜራ ነው፣ 18 ሜጋፒክስል። ለፎቶ ዛሬም ያኮራል። ዋይፋይ ግን የለውም፣ በስክሪን ሲነሳም ፎከሱ ያዘግማል። ከ700ዲ ጋር የካርድ ማንበቢያ መግዛት ግዴታ ነው።

4000ዲን እለፉት። አዲስ በካርቶኑ ተሽጎ በርካሽ ስለሚታይ ያጓጓል። ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው፣ የማይክ መሰኪያ የለውም፣ ስክሪኑ ትንሽና የደበዘዘ ነው። 2000ዲ ከሱ ይሻላል፤ እሱም ግን ማይክ አይቀበልም።

ከውጭ አዲስ የምትልኩ ከሆነ ካኖን አር50 ጥሩ ነው። 24 ሜጋፒክስል፣ 375 ግራም ብቻ፣ 4ኬው ሙሉ፣ ፎከሱ ፈጣን። አር100 ርካሽ የሆነው ስክሪኑ የማይነካና የማይዞር ስለሆነ ነው፤ ፎቶ ብቻ ለምታነሳ ልጅ ያስኬዳል። ሶኒን የመረጠ ሰው ኤ6400ን ይመልከት። ኤ6000 ርካሽና ጥሩ የፎቶ ካሜራ ነው፤ የማይክ መሰኪያ ግን የለውም። ኒኮን ዲ3500 ደግሞ በአንድ ባትሪ 1,550 ፎቶ እንደሚያነሳ ተመዝግቦለታል። መብራት ለሚጠፋበት ዶርም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሱም ማይክ አይቀበልም፣ ዋይፋይም የለውም፤ በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል።

ስም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዋሽንግተን ያለችው አክስት ሱቅ ገብታ "200ዲ" ብትል ሻጩ ግር ሊለው ይችላል። ካኖን ተመሳሳዩን ካሜራ አሜሪካ ውስጥ በሌላ ስም ነው የሚሸጠው። 200ዲ እዚያ ሬብል ኤስኤል2 ነው፣ 250ዲ ኤስኤል3፣ 700ዲ ቲ5አይ፣ 800ዲ ቲ7አይ፣ 2000ዲ ደግሞ ቲ7። መጨረሻው ላይ ያለችውን ፊደል ልብ በሉ፤ ቲ7 እና ቲ7አይ በጣም የተለያዩ ካሜራዎች ናቸው። ጃፓን ደግሞ 200ዲ ኪስ ኤክስ9 ይባላል።

በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ድምፅ "48 ሜጋፒክስል! 4ኬ! 16 እጥፍ ዙም!" እያሉ የሚሸጡ ስማቸው የማይታወቅ ትንንሽ ካሜራዎችን በዓይናችሁም አትዩ። ሜጋፒክስል ሳይሆን ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ነው ፎቶ የሚሠራው። የርካሽ ኪስ ካሜራ ሴንሰር ስፋቱ ብዙ ጊዜ 28 ስኩዌር ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የ200ዲ ወይም የአር50 ከ330 ያልፋል። ልዩነቱ ወደ 12 እጥፍ ይጠጋል።

ደረጃ 5፦ ሌንስ ላይ አትሰስቱ

ከዲኤስኤልአሩ ጋር የሚመጣው 18-55 ኪት ሌንስ ይባላል፤ ቁጥሩ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ በሚሊሜትር (ሚሜ) ይናገራል፣ ሲበዛ ያቀርባል። ሰው ይንቀዋል፤ ያለ ጥፋቱ። ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃል። ግን ሁሉም 18-55 አንድ አይደለም። ሌንሱ ላይ አይኤስ የሚሉት ፊደላት ካሉ የእጅ መንቀጥቀጥን ያረጋጋል። ርካሽ ካሜራዎች ጋር የሚመጣው 18-55 ሦስተኛው ትውልድ ግን አይኤስ የለውም። አይኤስ እና ኤስቲኤም ሁለቱም የተጻፈበትን ፈልጉ። ኤስቲኤም ማለት ሞተሩ ጸጥ ያለ ነው ማለት ነው፤ ቪዲዮ ላይ "ዚዝ ዚዝ" አይሰማም።

"ሁለት ሌንስ ያለው ሙሉ ፓኬጅ" ከተባላችሁ ሁለተኛው ሌንስ 75-300 መሆኑን አጣሩ። ከሆነ እርሱት። ያ ሌንስ አይኤስ የለውም፣ ሙሉ ዙም ላይ ምስሉ ይደበዝዛል። ከሩቅ ማንሳት ከፈለገች ትክክለኛው 55-250 አይኤስ ኤስቲኤም ነው። ያገለገለ ይገኛል፣ ቀላል ነው፣ ከዋጋው በላይ ይሠራል።

የስጦታው ልብ ግን 50 ሚሜ ኤፍ/1.8 ነው። ለምን? ኪት ሌንሱ 55 ሚሜ ላይ ሲዘረጋ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳው ቢበዛ ኤፍ/5.6 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 50ው ኤፍ/1.8 ይከፍታል። ሒሳቡ ሲሠራ የሚገባው ብርሃን ከዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። በአንድ አምፖል የሚኖር ዶርም ውስጥ፣ ማታ ላውንጅ ውስጥ፣ የልደት ሻማ ላይ ያነሳችው ፎቶ ሳይደበዝዝ የሚወጣው በዚህ ነው። ከፊት ያለው ሰው ጎልቶ ኋላው የሚቀልጠው ያ ሁሉም የሚወደው ፎቶም የሚመጣው ከእሱ ነው። የጂሲ ፎቶ ደንበኛ የሚከፍለው ለዚያ ነው፤ ሌላውን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ 50ው እንደ 80 ሚሜ ሆኖ ነው የሚያሳየው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ስድስት ጓደኛ ለማንሳት ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም አይበቃም። ለክፍል ውስጥና ለመንገድ 24 ሚሜ ኤፍ/2.8 የምትባል እንደ ብስኩት የሳሳች ሌንስ አለች። ሕንፃና ሰፈር የምታነሳ ልጅ ከ50ው ይልቅ እሷን ልትወድ ትችላለች። ጋለሪዋን ያያችሁት ለዚህ ነው። ለኒኮን ይህን ቦታ 35 ሚሜ ኤፍ/1.8 ይሞላል። ኒኮን ዲ3500ና መሰሎቹ ቦዲ ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ኤኤፍ-ዲ የተባለ የድሮ ሌንስ ከገዛችሁላት በእጇ ነው ፎከስ የምታደርገው።

አር50 የገዛችሁም ያገለገሉትን የዲኤስኤልአር ሌንሶች በካኖን አዳፕተር መጠቀም ትችላላችሁ፤ አውቶፎከሱ በሙሉ ይሠራል። በተቃራኒው አይሆንም። የአር ሌንስ 200ዲ ላይ አይገጥምም።

ደረጃ 6፦ ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ፈትሹት

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ሻጩ "ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ቢላችሁም አትቸኩሉ። የራሳችሁን ሜሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ ተገናኙ።

መጀመሪያ ሌንሱን ፍቱትና የስልካችሁን ባትሪ መብራት ከኋላ በኩል አብሩበት። ትንሽ አቧራ አያስፈራም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ጭረት ካያችሁ ግን ፈንገስ ነው። እርጥበት ባለበት ተቀምጦ የከረመ ሌንስ ያወጣዋል። በየትኛውም ዋጋ አትውሰዱት።

ቀጥሎ ሴንሰሩ። ካሜራውን ኤቪ (ቀዳዳውን እናንተ የምትመርጡበት፣ ሌላውን ካሜራው የሚያስተካክልበት) ላይ አድርጋችሁ ቀዳዳውን ኤፍ/22 ላይ ዝጉ፤ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካለ አቧራ ነው፤ ይጸዳል፣ ዋጋ ያስቀንሳል። መስመር የመሰለ ጭረት ከሆነ አይጸዳም። ከዚያ የሌንሱን ክዳን ዝጉና አንድ ፎቶ አንሱ። ጨለማው ላይ ደማቅ ቀይና ነጭ ነጥብ ከበዛ ሴንሰሩ ደክሟል።

የተነሳበትን ብዛት ጠይቁ። የተማሪ ደረጃ ዲኤስኤልአር ሸተር (ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) 100,000 ጊዜ አካባቢ ይሠራል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው አንድ ፎቶ አንስቶ ማየት ይቻላል። ካኖን ብዙ ሞዴሎቹ ላይ አይጽፈውም፤ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቁጥሩን ማግኘት ካልቻላችሁ ገላውን አንብቡት። የመያዣው ጎማ ተልጧል? የቁልፎቹ ጽሑፍ ጠፍቷል? ቤት ውስጥ የተቀመጠና ሰርግ ለሰርግ የዞረ ካሜራ ይለያያሉ።

የቀረው የጣት ሥራ ነው። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ፍላሹን አስነሱ። ስክሪኑን በሁሉም አቅጣጫ አዙሩ፣ አራቱንም ጥግ ንኩ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹና ድምፁን ስሙ፤ ማይክ ካላችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። የሜሞሪው ቤት ውስጥ የተጣመመ ፒን እንዳለ ተመልከቱ። መጨረሻ ላይ ቦዲው ሥር ያለውን ሲሪያል ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አመሳክሩ። ካርቶን ባይኖርም የሽያጭ ወረቀት ከነመታወቂያ ኮፒ አጻጽፉ። የተሰረቀ ካሜራ ለተማሪ መስጠት ራስ ምታት መስጠት ነው።

ደረጃ 7፦ ትንንሾቹ ዕቃዎች

ሜሞሪ፦ አንድ 128 ጊጋ ከመግዛት ሁለት 64 ይሻላል። አንዱ ቢበላሽ ወይም ዶርም ቢረሳ ሌላው አለ። ቪ30 የሚል ምልክት ያለው ይሁን፤ ይህ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል ማለት ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ አንድ ጄፔግ ከ7 እስከ 8 ሜጋባይት ይሆናል፤ ሮው (ያልተጨመቀ ጥሬ ፋይል) ከሆነ ከ25 እስከ 30። ገበያ ላይ የታወቀ ብራንድ ስም የለጠፈ ፌክ ሜሞሪ ሞልቷል። ላዩ 64 ይላል፣ ውስጡ 8 ነው፤ ከስምንቱ በኋላ የተነሳው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከመስጠታችሁ በፊት ቪዲዮ ሞልታችሁበት የመጨረሻውን ፋይል ክፈቱ። ከከፈተ ደህና ነው።

ባትሪ፦ አንድ ኦሪጅናል፣ አንድ ትርፍ። 200ዲ፣ 250ዲ፣ 800ዲ፣ አር50 እና አር100 ሁሉም ኤልፒ-ኢ17 የተባለውን አንድ ባትሪ ይጠቀማሉ። ከጓደኛ ለመዋዋስ ምቹ ነው።

ከዚህ ሌላ ስልክ ላይ የሚሰካ ታይፕ-ሲ የካርድ ማንበቢያ ግዙላት። ዋይፋይ ቢኖርም ሁለት መቶ ፎቶ በዋይፋይ ማሳለፍ ትዕግሥት ይጨርሳል። ለቪዲዮ ደረት ላይ የሚሰካው የቦያ ማይክ ለጀማሪ ይበቃል። ለቦርሳ ደግሞ ካሜራ የማይመስለውን ምረጡ፤ "ካኖን" ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ ለሌባ አድራሻ እንደ መስጠት ነው። ስታንድ ካስፈለገ ወይ ደህና ግዙ ወይ ተዉት። ከ30 ዕቃ ጋር ተጠቅልሎ የሚሸጠው "ባንድል" ውስጥ ያለው ትራይፖድ ነፋስ ሲመጣ ከነካሜራው ይወድቃል። ሌንስ ላይ የሚጠመዘዙት "ዋይድ" እና "ቴሌ" መስታወቶችም ከዚያው ወገን ናቸው፤ ምስል ከማበላሸት ሌላ ሥራ የላቸውም።

ደረጃ 8፦ ከውጭ የሚላክ ከሆነ

ባትሪዎቹ በእጅ ሻንጣ ይሂዱ። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ወደ አውሮፕላን ሆድ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ካሜራውም በእጅ ቢያዝ ይመረጣል።

ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት መጻፉን እዩ። የትልልቆቹ ብራንዶች ቻርጀር እንደዚያ ነው፤ ስለዚህ የአሜሪካው 120 ቮልት ቻርጀር እኛ አገር 220 ላይ አይቃጠልም። የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። የአሜሪካ ጠፍጣፋ፣ የዱባይ ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር፣ የእኛ ክብ።

ከጃፓን የሚመጣ ሶኒ ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁ ሜኑውን አስከፍታችሁ እዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ብዙዎቹ ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም።

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ለመግዛት ኬኢኤች፣ ኤምፒቢ እና የኒውዮርኩ ቢ ኤንድ ኤች ዕቃውን ደረጃ ሰጥተው፣ ዋስትና ጨምረው ይሸጣሉ። ቢ ኤንድ ኤች ቅዳሜ በሰንበት ድረ-ገጹ ላይ እንኳ ክፍያ አይቀበልም፤ በረራ የሚይዝ ሰው ቀኑን ያስብ። ካኖን አሜሪካም ራሱ ያደሳቸውን በቅናሽ ይሸጣል። ዋስትናው ግን ብዙ ጊዜ በተገዛበት አገር ብቻ ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ላይ የሚያድናችሁ ጥሩ ጠጋኝ እንጂ የዋስትና ወረቀት አይደለም።

ጉምሩክን በተመለከተ፣ አንድ ለግል መገልገያ የሚሆን ካሜራ መያዝና የታሸጉ ካርቶኖች ደርድሮ መምጣት አንድ አይደለም። ተጓዡ ከመነሳቱ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን ወቅታዊ መመሪያ ይጠይቅ፤ ደረሰኙንም ይያዝ። ድሮን ግን አትላኩ። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ ነው የሚቀረው።

ልጅቷ የምትማረው እዚያው አሜሪካ ከሆነ ነገሩ ይቀልላል። ከመግዛታችሁ በፊት የትምህርት ክፍሉ ካሜራ ያውስ እንደሆነ ትጠይቅ። ብዙ የጋዜጠኝነትና የፊልም ክፍሎች ያውሳሉ። ያን ጊዜ ቦዲውን ትታችሁ ሌንስ ብትሰጧት ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ከመስጠታችሁ በፊት አዘጋጁት

ባትሪውን ሙሉ። ሰዓቱን በአዲስ አበባ ሰዓት አስተካክሉ። ሜኑ ውስጥ የባለቤት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ስሟን ጻፉበት፣ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ይቀመጣል።

ከአሜሪካ ለመጣ ካሜራ አንድ ሰው የማይነግራችሁ ነገር አለ። የቪዲዮ ሲስተሙን ከኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው) ወደ ፓል (የእኛው) ቀይሩት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካ 60። ካልተቀየረ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ጥቁር መስመር ሲወርድ ይታያል። ፓል ላይ አድርጋችሁ የሸተሩን ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ካደረጋችሁት አብዛኛው ይጠፋል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ስጧትና ሦስት ነገር አሳዩአት። መጀመሪያ ከአውቶ ወጥታ ኤቪ ላይ እንድትሠራ፤ ማንዋሉ (ሁሉን በእጅ የሚስተካከልበት) ይደርሳል። ሁለተኛ የብርሃን ማካካሻውን ቁልፍ። ይህ ለእኛ ሰው በጣም ያስፈልጋል። ጥምቀት ላይ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፊት ስትቆሙ ካሜራው ነጩን አይቶ "ብርሃን በዛ" ይልና ያጨልማል፤ የሰው ፊት ከሰል ይሆናል። ማካካሻውን ወደ +1 አካባቢ ሲያስጠጉት ፊት ይመለሳል፤ ነጠላው ዝርዝሩ እስኪጠፋ እንዳይነጣ ስክሪኑን እያዩ ማስተካከል ነው። ሦስተኛ ሰዓት። ቀትር ላይ ፀሐያችን አናት ላይ ናት፤ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አንሺ በሏት። ቀትር ግዴታ ከሆነ ዛፍ ጥላ ሥር።

ደረጃ 10፦ ዶርምና ግቢ

የዶርም ሎከር ቁልፍ ከካሜራው ጋር አብሮ ይሰጥ፤ ጠንካራ ቁልፍ። ካሜራው በዝናብ ወቅት ሎከር ውስጥ ሲቀመጥ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛቸውን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ቦርሳው ውስጥ ትጨምር። ፈንገስ የሚጀምረው በዝምታ ነው። በበጋ ደግሞ አቧራ አለ። ሜዳ ላይ ቆማ ሌንስ አትቀይር፤ ሴንሰሩን በከንፈሯ አትንፋ፣ ምራቅ ይደርሰዋል። የጎማ መንፊያ ርካሽ ነው።

ለጂሲ ከለር ደይ ልትሠራ ከሄደች ለብቻው ዝግጅት ይፈልጋል። የሚበተነው ዱቄት ቀለም የዙም ሌንስ ውስጥ ሲገባ አይወጣም። 18-55ቱ ላይ 58 ሚሜ ዩቪ ፊልተር (ከሌንሱ ፊት የሚታሰር መከለያ መስታወት) ትሰር፣ ካሜራውን በወፍራም ፌስታል ጠቅልላ በላስቲክ ሌንሱ አንገት ላይ ትጠብቀው፣ ለመስታወቱ ብቻ ቀዳዳ ትተው። ወይም ከሩቅ በ55-250 ታንሳ። እኔ ብሆን የኋለኛውን አደርጋለሁ።

ከተማ ውስጥ ካሜራ ስታወጣ ጥበቃ "ምን ታነሻለሽ?" ማለቱ አይቀርም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ወታደራዊ ቦታና ኤርፖርት አካባቢ አይነሳም። ለክፍል ሥራ ከሆነ ከዲፓርትመንቷ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ታውጣና ከተማሪ መታወቂያዋ ጋር ትያዝ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ደግሞ ማስፈቀድ ይቀድማል።

የቦዲውንና የሌንሶቹን ሲሪያል ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ አንዱን ለእሷ በቴሌግራም ላኩላት፣ ሌላውን እናንተ ጋ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡት። ፖሊስ ጣቢያ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።